ሳይሞት የተለቀሰለት ሃልቮር ኖርድቦ

ሃልቮር ኖርድቦን መጀመሪያ ያየሁት በኮሌጃችን ጓሮ የድንጋይ ከሰል ከጋሪ ላይ ሲያራግፍ ነው። 1902 መስከረም ላይ ነበር። ሌላው አዲስ ተማሪ ሻንጣውን አሸክሞ፣ እናትና አባቱ ግራና ቀኝ ይዘውት በፊት ለፊቱ በር ሲገባ፣ ሃልቮር ከአባቱ እርሻ አስራ ስምንት ማይል በእግሩ ተጉዞ በጓሮ በኩል ገብቶ፣ በዚያው ቀን ሥራ ጀምሯል። ምግቡንና መኝታውን የሚያገኘው ለኮሌጁ ማሞቂያ ከሰል እያቀረበ ነበር።

ግዙፍ ሰው ነው። ግዙፍነቱ ግን ያሳፍረው ይመስለኛል፤ ሰው ፊት ሲቆም ትከሻውን ይሰበስባል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ላይ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ይወለድ እንጂ ቤታቸው የሚነገረው ኖርዌይኛ ስለነበረ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየለቀመ ነው የሚናገረው። የከተማ ልጆች ከኋላው ሆነው አነጋገሩን ሲኮርጁ ይሰማል፣ አይቆጣም። ከትምህርት ሁሉ ጂኦሜትሪ ይወድ ነበር። የመኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ በረዶ ሲጋገር በጥፍሩ ክብና ማዕዘን እየሳለ ብቻውን ሲያጉረመርም እናገኘዋለን። እናቱ ከመሞቷ በፊት አስተማሪ እንዲሆን ቃል አስገብታው ነበር፤ የመጣውም ለዚያ ነው።

እኔ ኤልበርት ፌንተን እባላለሁ፣ የሚያውቁኝ በርት ይሉኛል። አባቴ በሊንድሊ ከተማ መድኃኒት ቤት ነበረው፤ ዛሬ የእኔ ነው። ያን ጊዜ ቀጭን፣ አፈ ፈጣን ልጅ ነበርኩ። በሊንድሊ ኮሌጅ የኳስ ቡድን ውስጥ ጨዋታ መሪው እኔ ነኝ፤ ቁጥር እጠራለሁ፣ በጠራሁት ቁጥር ኳሷን የሚይዘው ሰው ይታወቃል። በእኛ አገር ኳስ ማለት በእጅ ታቅፎ የሚሮጥበት ነው። በተለይ በዚያ ዘመን አስራ አንድ ሰው በአስራ አንድ ሰው ላይ እንደ ግድግዳ ይወድቃል፤ ገፍቶ ጥሶ ያለፈ ያሸንፋል።

አሠልጣኛችን ሚስተር ካድዌል ይባሉ ነበር። ሃልቮር ከሰል ሲዝቅ አዩና አካፋውን ከእጁ ተቀብለው ቡድናችን ውስጥ ግባ አሉት። እሱ ግን እሺ አላለም። አባቱ ቶርገር ኖርድቦ ጥብቅ ሰው ናቸው፤ ከእርሻ የተረፈ ጉልበት የእግዚአብሔር ነው፣ ለጨዋታ የሚውል አይደለም ይላሉ። ፈቃዱን ያስገኘችለት እህቱ ራግና ናት። በሦስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ነች። ለአባቷ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ብቻ በሁለተኛው ዓመት በጋሪ መጥታ፣ ከአሮጌ የፈረስ ልጓም ቆርጣ በሃልቮር ሱሪ ግራና ቀኝ ዳሌ ላይ የሰፋቻቸውን ሁለት የቆዳ እጀታዎች አሳየችን። የእጀታዎቹ ጥቅም ይሄ ነው፦ ሃልቮር ኳሷን ሆዱ ላይ አቅፎ ሲያጎነብስ፣ ከግራና ከቀኝ ያሉት ሁለት ልጆች እጀታውን ይዘው ወደፊት ይጎትቱታል፤ የቀረነው ከኋላ እንገፋዋለን። እንደ መድፍ ጥይት የሰዉን ግድግዳ በጭንቅላቱ ሰንጥቆ ይወጣል። የቆዳ ቆብ የነበራቸው ነበሩ፣ ግን ፈሪ ያስብላል። ሁላችንም ለጭንቅላታችን መከላከያ ያልነው ፀጉራችንን ማሳደግ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ተጫወትን። ሃልቮር ሜዳ ላይ ሲገባ ሌላ ሰው ነው፤ ትከሻውን አይሰበስብም። አንድ ጊዜ ከልምምድ ስንመለስ፣ «እዚያ ውስጥ ስሆን ቦታ እየወሰድኩ ነው ብዬ አላፍርም» አለኝ። ከዚህ ሌላ ስለ ኳስ ሲናገር የሰማሁት ትዝ አይለኝም።

በ1905፣ በኅዳር በሚከበረው የምስጋና ቀን፣ ከዌስትብሩክ ኮሌጅ ጋር ገጠምን። ስድስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፉን ናቸው። ሜዳው በውርጭ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የከተማው ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በገመዱ ዙሪያ ቆሟል፤ ራግናም ከሌሎች ሴቶች ጋር ጋሪ ላይ ቆማ ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ከዌስትብሩኮቹ የአንዱ ጉልበት የሃልቮርን ጭንቅላት መታው። ወደቀ፣ ተነሣ። ከዚያ ወደ ተቃራኒው ቡድን መስመር ሄዶ አብሯቸው ቆመ። ሕዝቡ ሳቀ። ትከሻውን ይዤ አዞርኩና ወደ እኛ አመጣሁት።

«በርት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ስንተኛው አጋማሽ ነው?»

«የመጀመሪያው» አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ጠየቀኝ። መለስኩለት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ሳቄ መጣ፤ «ሃልቮር፣ ጠዋት ምን ጠጥተህ ነው የመጣኸው?» አልኩት። አጠገባችን የነበሩት ልጆችም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ዓይኑን አይቼዋለሁ። አንደኛው ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ነበር። የመድኃኒት ቤት ልጅ ነኝ፤ አንጎሉ መጎዳቱን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አውቄያለሁም።

በእረፍት ሰዓት ሚስተር ካድዌል ወደ እኔ መጡ። «ኖርድቦ ደህና ነው?» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ሕግ ከሜዳ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ አይገባም። ሃልቮር ወጣ ማለት ቡድኑ አለቀለት ማለት ነው።

«ደህና ነው» አልኳቸው። «እንደ ልማዱ ዝም አለ እንጂ ምንም አልሆነም።»

አመኑኝ። እኔም አብሮ የሚኖር ጓደኛው ነኝና ማመናቸው አያስወቅሳቸውም።

ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አምስት ለአምስት ነበርን። ከዌስትብሩክ የግብ መስመር አስራ አንድ ያርድ፣ አስር ሜትር ያህል፣ ላይ ደርሰናል። የሃልቮርን ቁጥር ጠራሁ፤ አራት ያርድ ሄደ። ደግሜ ጠራሁ፤ ሦስት ያርድ ሄደ። ሲነሣ እንደ ሰከረ ሰው ነበር፣ ኳሷን ግን አልለቀቀም። ሦስተኛ ጊዜ ጠራሁ። ሁሉም ተደራረበበት። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ሰዎቹን አንድ በአንድ ሲያነሣ፣ ከሁሉም በታች ሃልቮር ከመስመሩ ወዲያ ኳሷን አቅፎ ተኝቷል። ሕዝቡ ገመዱን ጥሶ ገባ። እኔን ተሸክመውኝ ሁለት ጊዜ ዘለሉ። ከላይ ሆኜ ነው ራግና ከጋሪው ወርዳ፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ስትሮጥ ያየኋት። ከሃልቮር ቀኝ ጆሮ ደም ይፈስ ነበር።

ዶክተር ፔል የሚባሉት የከተማችን ሐኪም እቤታቸው አስገብተው የራስ ቅሉን በስተው የረጋውን ደም አወጡ። አስራ ዘጠኝ ቀን ዓይኑን አልገለጠም። በዚያ መጸው ኳስ ሜዳ ላይ የሞተው ወጣት በአገሩ ሁሉ ብዙ ስለነበር ጋዜጦቹ ወሬውን ተሻሙበት፤ በአራተኛው ቀን የዋናው ከተማ ጋዜጣ ሞተ ብሎ ከፎቶግራፉ ጋር አወጣው። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አለመሞቱን ያውቃሉ፤ ቢሆንም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደረጉት ስብከት የቀብር ስብከት ነበር። የሃልቮርን ስም እየጠሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሊንድሊ ኮሌጅ ኳስ የሚባል ነገር አይኖርም አሉ። አራት መቶ ተማሪ አለቀሰ። እኔም ከሁሉ በላይ አለቀስኩ፤ ሰዎች ይዘው አወጡኝ። ጓደኛውን እንዴት ይወደው ነበር እያሉ አጽናኑኝ።

በአስራ ዘጠነኛው ቀን ሃልቮር ዓይኑን ገልጦ በኖርዌይኛ ውሃ ለመነ።

ሳምንት ያህል ደስታ ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ፤ ሴቶቹ ለራግና የድንች ቂጣና ክሬም አመላለሱላት። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ሰዉም ወደየጉዳዩ ሄደ። ሃልቮር መራመድና መናገር ቻለ። የድሮውን ሁሉ ያስታውሳል፤ የእናቱን ድምፅ፣ የእርሻቸውን አጥር፣ የእኔን ስም አልረሳም። አዲስ ነገር ግን አይዝም። ጠዋት የነገሩትን አንዳንዴ እስከ ማታ ይይዘዋል፣ ሌሊቱን ግን አይዘልቅለትም። የጂኦሜትሪ መጽሐፉን ከፍቶ ይጀምርና ገጹን ሳይጨርስ መነሻው ይጠፋዋል፤ እንደገና ከላይ ይጀምራል። እንዲህ ሲያደርግ አንድ ቀን ሙሉ ዋለ። ራግና መጽሐፉን ከእጁ ስትወስድበት መታት። በሕይወቱ ሰው ሲመታ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ እርሻቸው ወሰደችው። በበጋው፣ አጨዳ ላይ፣ ፈረሶቹን እየነዳ ሳለ የሚጥል በሽታ ጣለው፤ ፈረሶቹ የሚስቡት የማጨጃው ስለት እግሩን ሊቆርጠው አንድ ክንድ ቀርቶት ነው ታላቅ ወንድሙ የደረሰው። አባቱ ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ፊት ለፊት ማየት ተሳናቸው። ማዕድ ላይ ዓይናቸውን ሳህናቸው ላይ ተክለው ይበሉና ይነሣሉ። ራግና በዚያ ዓመት ልታገባው የነበረ አንድ የጎረቤት ገበሬ ነበራት። ወንድሟን ይዛ እንደምትመጣ ነገረችው፤ ሰውዬው የሚያስብበት ጊዜ ጠየቃት። አስቦ ሳይጨርስ ጋሪ ላይ ዕቃዋን ጭና ከሃልቮር ጋር ሊንድሊ ከተማ ገባች። ከሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይታ ልብስ መስፋት ጀመረች። ለእሱ ኮሌጁ በማሞቂያው ቤት ሥራ ሰጠው፤ ከሰል ማቅረብ ማስታወስ አይጠይቅም።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። የሊንድሊ ተማሪ ኳስ የለውም። የሌላ ኮሌጅ ልጆች ባቡር ጣቢያ ላይ ሲያገኟቸው መርፌና ክር እያወጡ፣ እናንተ ጥልፍ ጥለፉ እያሉ ያሾፉባቸዋል። በየዓመቱ የሚገባው አዲስ ተማሪ የድሮውን ሃልቮር አያውቀውም፤ የሚያውቀው ኳሱ የቀረው በዚያ በማሞቂያ ቤት ባለው ሰውዬ ምክንያት መሆኑን ነው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ፣ ለስላሳ የምንሸጥበት ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ሶዳ እየጠጣ ለጓደኛው፦

«ያኔውኑ ሞቶ ቢሆን ሐውልት እናቆምለት ነበር፣ ነገሩም ያልቅ ነበር» አለ። «ይኼው እሱም አልሞተ፣ ኳሱም አልመጣ።»

ጓደኛው ሳቀ። እኔ ብርጭቋቸውን አንሥቼ አጠብኩ።

ስም አወጡለት፤ «ሬሳው» ይሉታል። «ሬሳው፣ እንዴት አደርክ! መቃብሩ ሞቀህ?» እያሉ ከመስኮት ይጮኹበታል። ሃልቮር የክፍል ጓደኞቹ ያወጡለት የቁልምጫ ስም ይመስለው ነበርና እጁን እያነሣ ይስቅላቸዋል። አንድ ቀን ራግና ምሳውን ይዛለት ስትሄድ ሰማች። ቅርጫቱን ከነምሳው በአንዱ ተማሪ ጭንቅላት ላይ ሰበረችው። ከዚያ መሬት የወደቀውን ዳቦ አንሥታ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ ለወንድሟ ሰጠችው።

እኔ አባቴ ሲሞት መድኃኒት ቤቱን ያዝኩ፤ አግብቼ ልጆች ወለድኩ። የሃልቮርን መድኃኒት የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ለሚጥል በሽታ ብሮማይድ የሚባል ጨው በውሃ ይበጠበጣል፣ በየቀኑ መወሰድ አለበት። ሃልቮር በየቅዳሜው እየመጣ ጠርሙሱን ይወስዳል፤ ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሲገባ ሁልጊዜ ለዓመት እንዳላየኝ ሰው ነው የሚጨብጠኝ። «በርት! እዚህ ነው የምትሠራው እንዴ?» ይለኛል። ደንበኞቼ፣ ምን ያለ ደግ ጓደኛ ነው፣ እስከ ዛሬ አልተወውም፣ እያሉ ያመሰግኑኛል። ምስጋናውን ዝም ብዬ እቀበል ነበር።

በ1913 አዲስ ፕሬዚዳንት መጡና ኳስ ተመለሰ። ሕጉም በብዙ ተለውጦ ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የድሮ ጨዋታ መሪ ነህ ተብዬ ገባሁበት። ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት ሃልቮር የቡድኑን ሹራብ ለብሶ ሜዳው መካከል ይቁም፣ ሕዝቡም ያጨብጭብለት ተባለ። ቂም እንደሌለው እንዲታይ ነው። ይዘኸው ና ብለው የላኩት እኔን ነው።

ራግና በሩ ላይ ቆመች። «እዚያ ሜዳ ላይ ምን ቀረው?» አለችኝ። ሃልቮር ግን ከኋላዋ ሹራቡን አይቶ እጁን ዘርግቷል፤ ማን ጋር ነው የምንጫወተው ይላል። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ሰባት ዓመት አላየችም መሰለኝ፤ መንገዱን ለቀቀችልን።

ከሜዳው በፊት ባለው የዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ነበር። ሰዓት ስለቀረን ተቀመጥን። ከሜዳው የሚመጣው ሙዚቃ እዚያ ድረስ ይሰማል። ሃልቮር ያን ቀን አእምሮው ከወትሮው ጥርት ብሎ ነበር። ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ጎድጓዳ በጣቱ እየነካ፣ ያን ቀን ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ራግና ትነግረዋለች፣ ግን ይጠፋዋል።

ለምን በዚያ ሰዓት አፌ እንደተከፈተ አላውቅም። ምናልባት ሄዶ ሲጨበጨብለት አጠገቡ ቆሜ ልስቅ መሆኑ ነው ያስጨነቀኝ። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ብሌኑ፣ ለሚስተር ካድዌል ስለሰጠሁት መልስ፣ ሦስት ጊዜ ስለጠራሁት ቁጥር፣ ሁሉንም ነገርኩት።

የሹራቡን ጫፍ በጣቶቹ ያዘ። ከዚያ፦

«ጠይቄህ ነበር?» አለኝ። «ስንተኛው አጋማሽ ነው ብዬ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«አንተ ደግሞ ደህና እንዳልሆንኩ አውቀሃል።»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርክልኝም፣ በርት?»

«እንድትወጣ አልፈለግኩም» አልኩት። «ማሸነፍ ፈልጌ ነው።»

አልጮኸም፣ አልመታኝም። ሹራቡን አውልቆ፣ እጥፍጥፍ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ሹራቡን ይዤ ወደ ኮሚቴው ሄድኩ፤ አሞታል አልኳቸው። ጨዋታው ተጀመረ።

ሃልቮር እቤቱ እስኪደርስ የነገርኩትን ይዞት ነበር። ለራግና አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ እንደዋለ በኋላ ሰማሁ። በማግሥቱ ግን ከነገርኩት ምንም አላስታወሰም። ቅዳሜ ሲደርስ እንደ ልማዱ ወደ መድኃኒት ቤቱ ገብቶ እጄን ጨበጠ። «በርት! እዚህ ነው የምትሠራው እንዴ?» አለኝ። ከኋላው ራግና ገባች። መደብሬ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር።

«መድኃኒቱን ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ አንወስድም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሽቶ ያማርጡ የነበሩት ሁለት ሴቶች እንኳ አልሰሙም። ወንድሟን ክንዱን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ በባቡር ሁለት ሰዓት ሄዳ ከሌላ ከተማ ታመጣለታለች። ሃልቮር ግን ቅዳሜ የእግሩ ልማድ ነው፤ ይመጣል፣ በሩ ላይ ቆሞ ለምን እንደመጣ ይጠፋዋል። እንገናኛለን፣ እንጨባበጣለን፣ ራግና መጥታ ይዛው ትሄዳለች። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሁሉን የነገርኳት ሚስቴ፣ ደግመህ ንገረው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ትለኝ ነበር። ያን ፊቱን ደግሜ ማየት አልቻልኩም። ነግሬው እንደሚረሳው ማወቄ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ አንዳንድ ቀን ያሳርፈኝ ነበር።

በ1917 ጥር ላይ የበረዶ አውሎ ነፋስ መጣ። እሑድ ጀመረ፤ ሰኞ ጠዋት ባቡሩ ቆመ፣ የስልክ ሽቦው ተበጠሰ። ራግና ሰኞ ልትሄድ ቲኬት ቆርጣ እንደነበር የጣቢያው ጸሐፊ ነገረኝ። የሃልቮር ጠርሙስ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ብሮማይድ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ እንደሚነሣ ማንም መድኃኒተኛ ያውቃል። ሰኞ ከሰዓት ጠርሙሱን አዘጋጅቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

ከመደብሬ እስከ ቤታቸው ስድስት መቶ እርምጃ ነው። በረዶው ወገብ ይደርሳል፣ ግን የሚሄድ ሰው ይሄዳል፤ ወተት የሚያከፋፍለው ሰው ሲያልፍ በመስኮት አይቼዋለሁ። እኔ ማክሰኞም አልሄድኩም። ራሷ መጥታ ትጠይቀኛለች አልኩ። በሩን ስትከፍት የምታየኝን አስተያየት አሰብኩና ካፖርቴን አውልቄ ተቀመጥኩ። ረቡዕ ጠዋት ሚስቴ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አየችው። ለማን እንደሆነ ነገርኳት። ካፖርቴን አምጥታ ሰጠችኝ።

ራግና ወዲያው ከፈተች። ሁለት ቀን ያልተኛች ሴት ነበረች። ፀጉሯ ተፈትቷል፣ እጅጌዋ ላይ ደም አለ፤ ሃልቮር ምላሱን ነክሷል። ማክሰኞ ጠዋት ጀምሮት እስከዚያች ሰዓት ደጋግሞ ጥሎታል። እሷ ከአጠገቡ ብትነሣ ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ ይመታ ስለነበር ለመውጣት አልቻለችም። ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ተቀበለችኝ።

«ግባና ጭንቅላቱን ያዝልኝ» አለች።

ያዝኩለት። ጥርሱን በማንኪያ ፈልቅቃ አጠጣችው። ዶክተር ፔልም መጡ። ሃልቮር ሐሙስ ቀትር ላይ ጸጥ አለ፤ ሁለታችንም መድኃኒቱ ሠራ ብለን ነበር። የቆመው ግን ልቡ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።

መሬቱ በረዶ ስለነበር የተቀበረው ከአስር ቀን በኋላ ነው። አባቱ መጡ፤ ሳጥኑን እስከ መቃብሩ ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ፣ በሰባ ዓመታቸው። ከኮሌጁ የማሞቂያው ቤት ሠራተኞች መጡ። ከድሮው ቡድን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ራግና ተሸከም አላለችኝም፣ እኔም ልሸከም አላልኩም።

በመጋቢት ሁለቱን ክፍል ለቀቀች። ዳኮታ ሄዶ መሬት ወደያዘው ታላቅ ወንድማቸው ልትሄድ ነው ተባለ። ጠዋት ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። የስፌት መኪናዋን በጆንያ ጠቅልላ አጠገቧ አቁማ ነበር። ስታየኝ ፊቷን አላዞረችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ባቡሩ እንደማይመጣ መቼ ነው ያወቅከው?»

ረቡዕ ማለት እችል ነበር። ማንም አያጋልጠኝም።

«ሰኞ» አልኳት። «ሰኞ ከሰዓት ጠርሙሱን አዘጋጅቼው ነበር።»

በጣቷ አንድ፣ ሁለት ብላ የቆጠረች መሰለኝ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅርታ ማለቷ ይሁን፣ የጠረጠረችውን ማረጋገጧ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባቡሩ ሲደርስ የስፌት መኪናውን ላነሣላት እጄን ዘረጋሁ። «ተወው» አለችኝ፤ ራሷ አቅፋው ወጣች።

እዚያው ዳኮታ እንዳለች፣ ሳታገባ እንደቀረች፣ ለወንድሟ ልጆች ልብስ እንደምትሰፋ በቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች በኩል እሰማለሁ። አልጻፈችልኝም። እኔም ሁለት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ ስሟን ጽፌ ትቼዋለሁ።